ፈረሱና «ፈረስ በሊታው»፦ ሙስታንግ ይሻላል ወይስ ካማሮ?

በመኪና ገበያ ሁለት ዓይነት ገዢ አለ፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የሚገዛና ወረቀቱን አይቶ የሚገዛ። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው የበለጠ ይከፍላል። ይህ ነገር በግልጽ ከሚታይባቸው ገበያዎች አንዱ የአሜሪካውያኑ ጉልበተኛ ባለሁለት በር መኪኖች፣ የፎርድ ሙስታንግና የሼቭሮሌ ካማሮ ገበያ ነው። ሁለቱም ልብ ይሰርቃሉ፤ ሁለቱም ኪስ ያራግፋሉ።

ሁለቱን አነጻጽሮ መግዛት ለብዙ ዓመታት የምርጫ ጉዳይ ብቻ ነበር። አሁን ግን የንግድ ጉዳይም ሆኗል። ካማሮ በ2024 ሞዴሉ ምርቱ ተቋርጧል፤ ሙስታንግ ግን ዛሬም ከፋብሪካ እየወጣ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ «የትኛው ይፈጥናል?» የሚል አይደለም። «ምርቱ የቆመ መኪና እንደ ወርቅ የሚቀመጥ ንብረት ነው ወይስ ወላጅ የሌለው ልጅ?» የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፉክክሩ እንዴት ተጀመረ?

ሙስታንግ ለሕዝብ የታየው ሚያዝያ 17 ቀን 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። የመነሻ ዋጋው 2 ሺህ 368 ዶላር ነበር። በወቅቱ የፎርድን ክፍል ይመሩ የነበሩት ሊ አያኮካ የተጫወቱት ጨዋታ ቀላል ነበር፤ ከተራ የቤተሰብ መኪና ዕቃ ተጠቅሞ ለወጣት የሚያምር መኪና መሥራትና ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ትርፉን ከተጨማሪ ዕቃዎች መሰብሰብ። ገበያው ጉድ አለ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ተሸጠ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም አንድ ሚሊዮን ደረሰ።

ጄኔራል ሞተርስ «ከማን አንሼ» ብሎ መልስ ለመስጠት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጀበት። ካማሮ ለሽያጭ የቀረበው በመስከረም ወር 1966፣ የ1967 ሞዴል ተብሎ ነው። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ጋዜጠኞች ሲጠይቁ፣ ከኩባንያው የተሰጠው መልስ ሙስታንግን የሚበላ ትንሽ ክፉ አውሬ ማለት ነው የሚል እንደነበር ይነገራል። ሙስታንግ የዱር ፈረስ ስም መሆኑን ለሚያውቅ ቀልዱ ግልጽ ነው። ይሁንና አውሬው በመጀመሪያው ዓመት ፈረሱን አልበላውም። በ1967 ሞዴል 220 ሺህ 906 ካማሮ ሲመረት ሙስታንግ 472 ሺህ 121 ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ሲያጋድል ኖሯል። ካማሮ በ2002 ምርቱ ቆሞ ነበር፤ በ2010 ሞዴልነት ተመልሶ ሲመጣ ግን በዚያው ዓመት በአሜሪካ 81 ሺህ 299 ተሽጦ ሙስታንግን (73 ሺህ 716) ቀደመው። ፎርድ በ2015 አዲስ ሙስታንግ ሲያወጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ 122 ሺህ 349 ለ77 ሺህ 502። በማግስቱ ዓመት የመጣው አዲሱ ካማሮ በመንገድ ላይ ችሎታው የተመሰገነ ቢሆንም ባለ 8 ሲሊንደሩ ከተፎካካሪው በጥቂት ሺህ ዶላር ይበልጥ ነበርና ገዢውን መልሶ አላገኘውም። ነጋዴ ከዚህ የሚማረው አለ። የተሻለ ዕቃ ሁሉ ገበያ አያሸንፍም፤ የተሻለ ዕቃ በማይከፈል ዋጋ ከቀረበ መደርደሪያ ላይ ያድራል።

አዲስ የሚፈልግ ምርጫ የለውም

ዜሮ ኪሎ ሜትር መኪና የሚፈልግ ሰው ዛሬ ከሁለቱ የሚያገኘው ሙስታንግን ብቻ ነው። ሌላው የቆየ ተፎካካሪ፣ ዶጅ ቻሌንጀርም በ2023 መጨረሻ ምርቱ ቆሟል። በ2024 ሞዴል የጀመረው ሰባተኛው ትውልድ ሙስታንግ ሁለት ዋና ሞተሮች ይዞ መጥቷል። አንደኛው ባለ 2.3 ሊትር 4 ሲሊንደር ቱርቦ ሲሆን 315 የፈረስ ጉልበት አለው። ሁለተኛው፣ «ጂ ቲ» የሚባለው፣ ባለ 5 ሊትር 8 ሲሊንደር ሲሆን ከ480 የፈረስ ጉልበት ይጀምራል። ሲጀምር የተቆረጠለት ዋጋ ለ4 ሲሊንደሩ ወደ 31 ሺህ፣ ለ«ጂ ቲ» ደግሞ ከ41 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ማጓጓዣና ታክስ ሳይታሰብ። በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ የሚፈልግ ገዢ 8 ሲሊንደሩን መግዛት ግዴታው ነው፤ 4 ሲሊንደሩ የሚመጣው በአውቶማቲክ ብቻ ነውና።

ካማሮን የፈለገ ግን ያገለገለ ይገዛል። እዚህ ላይ ነው ደላላው «ከእንግዲህ አይሠራም፤ ዛሬ ካልያዝከው ነገ ዋጋው ሰማይ ይነካል» የሚለው። ይህን ንግግር የሰማ ገዢ ታሪክ ቢያገላብጥ ይጠቅመዋል። ካማሮ በ2002ም «አለቀለት» ተብሎ ነበር። የዚያ ዘመን የመጨረሻ መኪኖች ግን ዛሬም ከ1969ኙ ዋጋ አጠገብ አይደርሱም። የዕቃ መቋረጥ ብቻውን ዋጋ አያንርም፤ ዋጋ የሚያንረው ጥቂት ሆኖ የተሠራና ብዙ ሰው የሚመኘው ዕቃ ነው። 650 የፈረስ ጉልበት ያለው «ዜድ ኤል 1» ካማሮ እንደ ንብረት ቢታሰብ ያስኬዳል። በብዛት የተሸጠው ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሲሊንደር ካማሮ ግን መጓጓዣ ነው፤ እንደ መጓጓዣ ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል።

ሞተርና ካምቢዮ

ያገለገለ መኪና ገበያ ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙት በአብዛኛው ከ2016 ወዲህ የተሠሩት ካማሮ «ኤስ ኤስ» እና ሙስታንግ «ጂ ቲ» ናቸው። የካማሮው ባለ 6.2 ሊትር ሞተር 455 የፈረስ ጉልበት አለው። የሙስታንጉ ባለ 5 ሊትር በ2015 በ435 ጀምሮ በ2018 ወደ 460 ከፍ ብሏል።

ቁጥሩ ተቀራራቢ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። የካማሮው ሞተር የድሮውን አሠራር የያዘ፣ በሲሊንደር ሁለት ቫልቭ ብቻ ያለው፣ ግዙፍ ሞተር ነው፤ ገና ነዳጅ ሲረገጥ ከታች ጀምሮ ይጎትታል። የሙስታንጉ በሲሊንደር አራት ቫልቭ ያለው፣ ጉልበቱን በከፍተኛ ዙር የሚያወጣ ነው፤ እስከ 7 ሺህ ዙር ሲወጣ መስማት ለሚወድ ሰው ደስታው እዚያ ነው። ሁለቱም በጥሩ መንገድ በ4 ሰከንድ አካባቢ ከቆሙበት ተነስተው በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። ስለዚህ በፍጥነት የሚከራከር ገዢ ጊዜውን ያባክናል።

በአካልና በመሪ ረገድ ካማሮ ብልጫ አለው። የ2016ቱ ካማሮ የተሠራው ከካዲላክ ጋር በሚጋራው ቀላል ሻንሲ ላይ ስለሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንደ ትንሽ መኪና ይታዘዛል። ሙስታንግ የኋላ ጎማዎቹን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ የሚያንቀሳቅስ አሠራር የያዘው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ በ2005 እና በ2014 መካከል የተሠሩት፣ ሙሉ ዘንግ ያላቸው ናቸው። በአንጻሩ ከ2010 ወዲህ ያለ ካማሮ ሁሉ የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ ይሠራሉ። ከ2015 በፊት ያለ መኪና የሚፈልግ ሰው ይህን ልዩነት በደንብ ቢያውቀው ይበጀዋል።

ስለ ካምቢዮ ጉዳይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በመንገድ ላይ እንደ ጠላት የሚተያዩት ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ባለ 10 ማርሹን አውቶማቲክ ካምቢዮ በጋራ ነው የነደፉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ወጪውን ተካፍለው እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው መኪና አዋሉት። ሙስታንግ በ2018፣ ካማሮ «ኤስ ኤስ» በ2019 ይህን ካምቢዮ አግኝተዋል። በ2016 እና በ2018 መካከል የተሠሩ አውቶማቲክ ካማሮዎች ባለ 8 ማርሽ ሲሆኑ ይህ ካምቢዮ በመንቀጥቀጥ ብዙ አቤቱታ ቀርቦበት እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። የሙስታንግ ባለ 6 የእጅ ካምቢዮም እንዲሁ ከወቀሳ አልዳነም። ስለሆነም ገዢ መኪናውን በከተማም በአውራ ጎዳናም ሳይነዳ ቀብድ መስጠት የለበትም። በዝግታ ሲነዳ የሚንቀጠቀጥ አውቶማቲክ ወይም ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም የሚል የእጅ ካምቢዮ ካጋጠመ፣ ወይ ዋጋው ይቀነስ ወይ ሌላ ይፈለግ።

በየቀኑ ለሚነዳው ሰው

ገዢው መኪናውን ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚያወጣው ከሆነ ይህን ክፍል ቢዘለውም ምንም አይቀርበት። ሥራ የሚሄድበት፣ ልጅ የሚያደርስበት ከሆነ ግን እዚህ ላይ ሙስታንግ ይመራል። የካማሮ መስኮቶች ጠባብ ናቸው፤ ወደ ኋላና ወደ ጎን ማየት ያስቸግራል። ሁለቱም የኋላ ወንበር አላቸው ይባላል እንጂ ትልቅ ሰው አይመቸውም። ፖርቶ ባጋልዮውን በተመለከተ የካማሮው 258 ሊትር ያህል ሲይዝ የሙስታንጉ 380 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ልዩነቱ አንድ ትልቅ ሻንጣ ነው። የካማሮው የመጫኛ አፍም ጠባብ በመሆኑ ሻንጣው ቢበቃው እንኳ ለማስገባት ያታግላል።

የነዳጁ ሒሳብ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ የሁለቱም 8 ሲሊንደሮች በአማካይ በአንድ ጋሎን ከ18 እስከ 20 ማይል ይሄዳሉ፤ በሊትር ሲሰላ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 13 ሊትር ማለት ነው። ባለ 4 ሲሊንደሮቹ 25 ማይል አካባቢ ይደርሳሉ። ኢንሹራንሱን ግን ገዢው ከመዋዋሉ በፊት አስጠይቆ ቢያውቅ ይሻላል። ወጣት አሽከርካሪ ባለ 8 ሲሊንደር ሲገዛ ወርኃዊው የኢንሹራንስ ክፍያ ከመኪናው ብድር ጋር ተደምሮ የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ። የኋላ ጎማዎቹም ሰፋፊ ስለሆኑ የመተኪያ ዋጋቸው ከተራ የቤት መኪና ጋር አይወዳደርም።

የመለዋወጫውን ነገር በተመለከተ፣ ምርቱ ቆሟል ተብሎ የካማሮ ባለቤት ነገ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት አይደለም። ሞተሩ ጄኔራል ሞተርስ ለሌሎች መኪኖቹም የተጠቀመበት ቤተሰብ ነው፤ ፍሬኑም፣ ፊልትሮውም ይገኛል። ወደፊት ሊያስቸግር የሚችለው ለካማሮ ብቻ የተሠራው ላሜራ፣ መብራትና የውስጥ ዕቃ ነው። በመሆኑም ግጭት ያልደረሰበትን መምረጥ ለካማሮ ገዢ ከሙስታንግ ገዢ ይልቅ ይከብዳል።

ያገለገለ ሲገዛ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመኪና የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሩ አይደለም፤ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በዚህ ቁጥር የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው ያለ ክፍያ መኪናው ለጥገና ተጠርቶ ያልተመለሰ መሆኑን ማየት ይችላል። ሁለቱም መኪኖች በዚህ ረገድ ታሪክ አላቸው። ከ2005 እስከ 2014 የተሠሩ ሙስታንጎች በታካታ የአየር ከረጢት ምክንያት ተጠርተዋል። ይህ ከረጢት በአደጋ ጊዜ ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ የሚረጭ፣ በሌሎች መኪኖችም ላይ የሰው ሕይወት ያጠፋ ነው። ከ2010 እስከ 2014 የተሠሩ ካማሮዎች ደግሞ፣ ቁጥራቸው ከ5 መቶ ሺህ በላይ የሆነ፣ የነጂው ጉልበት ቁልፉን ሲነካው ሞተሩ ሊጠፋ ስለሚችል በ2014 ተጠርተዋል። ጥገናው በነፃ ነው። ሻጩ «ተሠርቷል» ማለቱ ሳይሆን ቁጥሩ ሲፈተሽ «ተሠርቷል» ማለቱ ነው የሚቆጠረው።

ሁለተኛው ጥያቄ የባለቤትነት ወረቀቱ ነው። በጎርፍ የተነከረ ወይም ኢንሹራንስ «ከጥቅም ውጪ ነው» ብሎ የከፈለበት መኪና ወረቀቱ ላይ ምልክት ይደረግበታል። እንዲህ ያለ መኪና ላዩ ተወልውሎ ሲቀርብ ዋጋው ይማርካል፤ ዳግም ሲሸጥ ግን ገዢው ያንኑ ቅናሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ፣ መስጠቱ አይቀርም።

ሦስተኛው የተነዳው ማይል ነው። በአሜሪካ ሕግ የ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያለ መኪና ሲሸጥ ሻጩ እስከ 20 ዓመት ድረስ ማይሉን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በፊት ላሉት ግዴታው ከ10 ዓመት በኋላ ቀርቷል። ስለዚህ በ2010 ሞዴል ካማሮ ወይም ሙስታንግ ላይ የሚነበበው ማይል በሻጩ ቃል ብቻ የሚታመን ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም፣ እነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ በወጣት እጅ ያለፉ ናቸው። የኋላ ጎማው ከፊተኛው በጣም የተበላ፣ ጭስ ማውጫው የተለወጠ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር የተነካካ ከሆነ መኪናው ሲፎካከር የኖረ ነውና ገለልተኛ መካኒክ ሳያየው መግዛት ቁማር ነው።

አሮጌዎቹ፦ ወረቀት ያለውና ወረቀት የሌለው

ገንዘቡን ለማስቀመጥ ብሎ የ1960ዎቹን መኪና የሚፈልግ ባለሀብት ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። በ1968 በወጣው «ቡሊት» ፊልም ላይ ስቲቭ ማክዊን የነዳው ሙስታንግ በጥር 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ በተደረገ ጫረታ ኮሚሽኑን ጨምሮ በ3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያን ዕለት የተሸጠው ላሜራና ሞተር ብቻ አልነበረም። ያው ራሱ መሆኑ የተረጋገጠ መኪና ነው የተሸጠው። ማረጋገጫ ባይኖር ኖሮ ከ1968 አሮጌ ሙስታንጎች አንዱ ይሆን ነበር።

በማረጋገጫ በኩል ደግሞ ሁለቱ ኩባንያዎች እኩል አይደሉም። በ1960ዎቹ ሙስታንግ የሻንሲ ቁጥር ውስጥ የሞተሩን ዓይነት የሚያመለክት ፊደል አለ። ከዚህም በላይ ከ1967 ወዲህ ያለው የፎርድ የምርት መዝገብ ተጠብቆ ስለቆየ ባለቤቱ ከፍሎ መኪናው ሲሠራ ቀለሙ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ምን እንደነበረ የሚገልጽ ሰነድ ማውጣት ይችላል።

ካማሮ ላይ ይህ የለም። የ1967 እስከ 1969 ካማሮ የሻንሲ ቁጥር ባለ 6 ወይስ ባለ 8 ሲሊንደር መሆኑን ይናገራል እንጂ «ኤስ ኤስ» ወይም «ዚ 28» መሆኑን አይናገርም። የ1967 «ዚ 28» 602 ብቻ ነው የተሠራው። ተራ ካማሮ ገዝቶ ምልክት ለጥፎ፣ ሞተር ቀይሮ «ዚ 28 ነው» ማለት ለአጭበርባሪ ከባድ ሥራ አይደለም። ገዢን የሚያድነው ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሻንሲው ጋር መግጠሙ፣ የመጀመሪያው የሽያጭ ወረቀትና የተከታታይ ባለቤቶች ታሪክ ነው። እነዚህ ከሌሉ መኪናው በተራ ካማሮ ዋጋ ነው መገመት ያለበት።

ዝገቱም መፈተሽ አለበት። ሙስታንግ ከመስታወቱ ሥር፣ ዝናብ ከሚገባበት የአየር ሳጥን፣ ከወለሉና ከፖርቶ ባጋልዮው ይዝጋል። ካማሮ ደግሞ የኋላ መስታወቱ ዙሪያ፣ የፊተኛው ሻንሲ ከአካሉ ጋር በቡሎን የሚታሰርበት ቦታና የኋላ ጎማ በላይ ያለው ላሜራ ይበላዋል። ሁለቱም ላይ ስቱኮ የደበቀውን ማግኔት ይገልጠዋል፤ ማግኔት ስቱኮ ላይ አይይዝምና።

ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰበ

በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል «ነድቼው ነድቼው አገር ቤት አስገባዋለሁ» የሚል ሐሳብ ያለው ሊኖር ይችላል። ይህ ሒሳብ ከእንግዲህ አይሠራም። የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የተሰማው በጥር 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ካማሮ ከፋብሪካው የተሰናበተውም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ መኪናው የሚገዛው እዚያው አሜሪካ ሊነዳና እዚያው ሊሸጥ መሆኑ ታውቆ መሆን አለበት።

ሒሳቡ ሲጠቃለል

በየቀኑ የሚነዳ፣ ዕቃ የሚጭን፣ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ሳይጨነቅ ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ሙስታንግ ይግዛ። ከ2018 ወዲህ ያለው «ጂ ቲ» ከሁሉም የተመጣጠነው ነው። አምራቹ አሁንም አዲሱን እየሸጠ ስለሆነ ዕቃውም ገዢውም አይጠፋም።

ለመንዳት ደስታ ብሎ የሚገዛ፣ ሌላ የሥራ መኪና ያለው፣ ዋጋ ተከራክሮ ማውረድ የሚችል ሰው ካማሮ «ኤስ ኤስ» ይግዛ፤ ከተቻለ የ2019 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ግጭት ያላየውን። «ምርቱ ቆሟል» የሚለው ቃል ለሻጩ ዋጋ መጨመሪያ ከሆነ ለገዢውም ዋጋ መቀነሻ ሊሆን ይችላል፤ ላሜራና መብራት ነገ የት ይገኛል ብሎ መጠየቅ መብቱ ነውና።

ለሀብት ማስቀመጫ የሚፈልግ ደግሞ ከመኪናው በፊት ወረቀቱን ይግዛ። ሰነድ ያለው ተራ ሙስታንግ ሰነድ ከሌለው «ዚ 28» ይሻለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በዚህ ገበያ አንድ ሳምንት ታግሶ ቁጥር ያመሳከረ ሰው የሚያጣው ምናልባት አንድ መኪና ነው። ያልታገሠው ግን በ1969 «ዚ 28» ዋጋ ባለ ስቱኮ ካማሮ ይዞ ይገባል።